የትምህርት ቤት ደጅና የተፋቱ ወላጆች

ባልና ሚስት በሕግ ሲለያዩ ቤት ይከፈላል፥ ገንዘብና ከብት ይቈጠራል፥ ዕዳም ካለ ለሁለት ይመደባል፤ ልጅ ግን አይከፈልም። ጋብቻ በዳኛ ቃል ይፈርሳል፤ አባትነትና እናትነት ግን በፍቺ አይፈርስም። ይህ ለሁሉ የታወቀ ነገር ሲሆን፥ በየቀኑ የሚፈተንበትን ስፍራ ልብ ብሎ የሚመለከተው ሰው ጥቂት ነው። ያ ስፍራ የዳኛ ችሎት አይደለም፤ የሽማግሎች ሸንጎም አይደለም፤ የትምህርት ቤት ደጅ ነው።

በዛሬው ጽሑፋችን ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልናሳስብ የምንወደው ይህንኑ ነው፤ ይኸውም፥ ወላጆቹ የተፋቱበትን ልጅ ከትምህርት ቤት ማን ሊረከበው እንደሚገባ፥ ትምህርት ቤቱም የልጁን ነገር ለማን ሊነግር እንደሚገባው ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር፥ በባሕር ዳር ከተማ ተማሪዎች በሚለቀቁበት ሰዓት ከአንድ ትምህርት ቤት በር አጠገብ ጥቂት ቆሞ ይመልከት። በፈረቃ በሚያስተምሩት ትምህርት ቤቶች የጧቶቹ ሲወጡ የከሰዓቶቹ ይገባሉ፤ ባጃጆች ተደርድረው፥ ሰርቪስ መኪናዎች ጡሩምባ እየነፉ፥ እናት፥ አባት፥ አያት፥ አክስት፥ ታላቅ ወንድም፥ የቤት ሠራተኛ፥ ሁሉም በአንድ በር ይጋፋል። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል ማን ለየትኛው ልጅ እንደ መጣ እንዲያውቁ የሚጠበቁት አንድ ዘበኛና አንድ ተረኛ መምህር ናቸው። እነዚህ ሁለት ሰዎች ሕግ ያልተማሩ፥ የፍርድ መዝገብም ያላዩ ሲሆኑ፥ ዳኛ በብዙ ቀጠሮ የመረመረውን ጉዳይ በአንዲት ደቂቃ እንዲፈርዱ ይገደዳሉ።

በአገራችን ልማድ አደራ የከበረ ነገር ነው። አደራ በላ ከሌባ ይልቅ ይጠላል፤ ሌባ የሚሰርቀው ያላመነውን ሰው ሲሆን፥ አደራ በላ ግን የሚጎዳው ያመነውን ሰው ነውና። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ልጅ ለየኔታ የሚሰጠው በአደራ ነው፤ በዘመናዊውም ትምህርት ቤት ቢሆን ከመዝገቡና ከክፍያው በስተ ኋላ ያለው ነገር ያው አደራ ነው። ነገር ግን ይህን አደራ የሰጡት ሁለት ሰዎች ናቸው። አብረው ሲኖሩ ለአንዱ መመለስ ለሁለቱ መመለስ ነው፥ ልጁ የሚገባው ወደ አንድ ቤት ነውና። በተለያዩ ጊዜ ግን ለአንዱ የተመለሰው ከሌላው ሊሠወር ይችላል። ከዚህም በላይ ልጅ እንደ ገንዘብ ያለ አደራ አይደለም፤ ገንዘብ የሰጠውን ሰው አይናፍቅም። ስለዚህ በዚህ አደራ ላይ ከሰጪዎቹ የሚበልጥ ባለ መብት አለ፤ እርሱም ልጁ ራሱ ነው። ይህን አስቀድመን የተረዳን እንደ ሆነ የቀረው ሁሉ ይቀላል።

ሕጋችንም ወደዚህ አሳብ የደረሰው ቀስ በቀስ ነው። ጥንት በሰማንያ የተጋቡ ሲፋቱ ነገሩን የሚጨርሱት ሽማግሎች ነበሩ፤ ልጅም ከማን ዘንድ እንደሚያድግ የሚቈረጠው በዘመድ ምክርና በአገር ልማድ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የሚያዩ የቤተ ዘመድ ዳኞችን ሥልጣን በጽሑፍ አጸና፤ ከባድ ምክንያት ካልተገኘ በቀር ልጅ እስከ 5 ዓመቱ ከእናቱ ዘንድ እንዲቀመጥም ደነገገ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ፥ ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና እንክብካቤያቸውን የማግኘት መብት እንዳለው፥ ደግሞም የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ሆነ የግል ድርጅት፥ ፍርድ ቤትም ሆነ ሕግ አውጪ፥ ስለ ሕፃናት አንዳች ነገር በሚያደርግበት ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሕፃኑን ደኅንነት ሊመለከት እንደሚገባው አዘዘ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ የ5 ዓመቱን ቍርጥ ደንብ ትቶ፥ ፍቺ ሲወሰን ስለ ልጆች አኗኗር፥ ስለ ትምህርታቸው፥ ስለ ጤናቸው፥ ስለ ቀለባቸው፥ ወላጆችና ልጆችም ስለሚጠያየቁበት ሁኔታ ፍርድ ቤት አብሮ እንዲወስን በ113ኛው አንቀጽ አዘዘ። የክልላችንም የቤተ ሰብ ሕግ፥ በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 79፥ በዚሁ መንገድ የሚሄድ ነው።

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቍጥር 23632 የሰጠው ፍርድ ደግሞ ይህን አሳብ ይበልጥ ገለጠው። እናቱ የሞተችበትን አንድ ልጅ ያሳደገችው አክስቱ ነበረች፤ አባት መጥቶ ልጄን የማሳደግ መብት የእኔ ነው ብሎ በታች ፍርድ ቤቶች ረታ። ሰበር ሰሚው ችሎት ግን ከአባትነት መብት በፊት የሚታየው የልጁ ጥቅም ነው ብሎ የታችኞቹን ፍርድ ሻረ። ሕፃን የወላጅ ንብረት አለመሆኑ ከዚያ ወዲህ በአገራችን የፍርድ ሥርዓት ሊዘነጋ የማይገባው ነገር ሆነ።

ሕጉ እንዲህ ግልጥ ሲሆን ጠቡ ስለ ምን ከደጅ አልጠፋም? ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፥ እኛ በመዝገብ ቤት ስንሠራ ደጋግመን ያየነውን እንነግረዋለን። ፍርዱ ከተነበበ በኋላ የውሳኔው ግልባጭ ማኅተም ተደርጎበት ለሁለቱ ወገን ይሰጣል። አንዱ ግልባጭ ወደ ጠበቃ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ከሣጥን ውስጥ ከልብስ በታች ይቀመጣል፤ ወደ ትምህርት ቤት የሚወሰደው እምብዛም ነው። ፍርዱም ራሱ አንዳንድ ጊዜ አጭር ነው፤ ለምሳሌ አባት በወር ሁለት ጊዜ ቅዳሜና እሑድ ከልጁ ጋራ ይሁን ይላል እንጂ፥ ከየት እንደሚረከብ፥ በስንት ሰዓት እንደሚመልስ፥ ራሱ መምጣት ባይችል ማንን እንደሚልክ አይናገርም። በወረቀቱ ላይ የጎደለችው ያቺ አንዲት መስመር ዓርብ በመጣ ቍጥር ከትምህርት ቤት ደጅ ላይ ጠብ ትወልዳለች።

ከዓመታት በፊት በዚህችው ከተማ ያየነውን አንድ ነገር እንጥቀስ። የሰዎቹንም የትምህርት ቤቱንም ስም አንጠራም። በአንድ ዓርብ ቀን የ7 ዓመት ሴት ልጅን ሊወስዱ እናትም አባትም በአንድ ሰዓት መጡ። እናት በእጅዋ የፍቺውን ውሳኔ ይዛለች፤ አባት ደግሞ ከዚያ በኋላ የተሰጠ ትእዛዝ አለኝ ብሎ ፎቶግራፉን በስልኩ ያሳያል። ዘበኛው ግራ ገባውና በሩን ዘጋ። ዳሬክተሩ በስብሰባ ላይ ነበሩ። የእናት ወንድሞች ተጠሩ፤ የአባትም ጓደኞች መጡ፤ ሰው ተሰበሰበ። ልጅቱ ቦርሳዋን እንዳዘለች በበሩ ሽንቁር ታያቸው ነበር። በመጨረሻም ተረኛዋን መምህርት ቀሚስዋን ይዛ፥ «ብቻዬን ብሄድ አይጣሉም?» ብላ ጠየቀቻት።

ከዚህ ጥያቄ ወዲያ የትኛው ወረቀት ይጸና እንደ ነበረ መናገር ምን ይጠቅማል? ሁለቱም ልጃቸውን የሚወዱ ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱም መብት ነበራቸው። ያልነበረው አስቀድሞ የተጻፈ፥ ሁለቱም የፈረሙበት፥ ዘበኛውም ሊያየው የሚችል ደንብ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለምን?

እንግዲህ ሊጻፍ የሚገባውን እንደ አሳባችን በአጭሩ እንዘርዝር።

አንደኛ፥ ልጅ በሚመዘገብበት ቀን የእናትም የአባትም ሙሉ ስም፥ ስልክና አድራሻ በአንድ ገጽ ይጻፍ። በአገራችን ልጅ የሚጠራው በአባቱ ስም ስለ ሆነ የእናትየዋ መታወቂያ ብቻውን እናትነትዋን አያስረዳም፤ በአንጻሩም የአባትን ስም የሚመስል ስም የያዘ ሁሉ አባት አይደለም። በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመላ አገሪቱ በተጀመረው ምዝገባ የሚሰጠው የልደት የምስክር ወረቀት የሁለቱንም ስም ስለሚይዝ፥ ግልባጩ ከልጁ ማኅደር ጋራ ይቀመጥ።

ሁለተኛ፥ ልጁን ሊረከቡ የሚችሉ ሰዎች ስም ዝርዝር ከፎቶግራፋቸው ጋራ ይዘጋጅ። አያት፥ አክስት፥ የእንጀራ አባት ወይም የእንጀራ እናት፥ የቤት ሠራተኛ፥ የባጃጅ ነጂ፥ ማንም ይሁን ማን፥ ስሙ ከሌለበት አይረከብ። በዚህ ላይ «ሞግዚቱ ነኝ» የሚለውን ቃል መመርመር ያስፈልጋል። በሕግ ቋንቋ ሞግዚት የሚባለው ሕግ ወይም ዳኛ ሥልጣን የሰጠው ሰው ሲሆን፥ በቤት ቋንቋ ግን ልጅ የምትጠብቅ ሠራተኛም ሞግዚት ትባላለች፤ አንዱን ቃል ሰምቶ ሁለተኛውን መረዳት ትልቅ ስሕተት ያመጣል።

ሦስተኛ፥ ወላጆች የተፋቱ እንደ ሆነ ማኅተም ያለበት የውሳኔ ግልባጭ ለዳሬክተሩ ይሰጥ። ውሳኔው በኋላ ተሻሽሎ እንደ ሆነ የሚጸናው የኋለኛው ነውና፥ ትምህርት ቤቱ ቀኑን አይቶ የቀድሞውን ከማኅደሩ ፊት ያንሣ። የስልክ ፎቶግራፍ ብቻ አይበቃም፤ ጥርጥር የተገኘ እንደ ሆነ ትእዛዙን የሰጠውን ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የመዝገቡን ቍጥር ጠቅሶ መጠየቅ ይቻላል።

አራተኛ፥ በስልክ ብቻ ልጅ አይሰጥ። «አባትዋ ነኝ፥ ዛሬ ለባጃጁ ስጡልኝ» ብሎ የሚደውል ሰው ድምፁ የአባት ቢመስልም፥ መምህሩ ስልኩን ዘግቶ በመዝገቡ ላይ ወዳለው ቍጥር ራሱ መልሶ ይደውል። በቅርብ ዓመታት በክልላችን ሰዎችን፥ ሕፃናትንም ጭምር፥ አግቶ ገንዘብ መጠየቅ የብዙ ቤተ ሰብ መከራ ሆኖ ታይቷል። ስለዚህ ይህ ጥንቃቄ የሚጠቅመው ለተፋቱ ወላጆች ብቻ አይደለም።

አምስተኛ፥ ማንም ሳይመጣ የቀረ እንደ ሆነ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ይወሰን። ልጁ በደጅ ሳይሆን በግቢ ውስጥ ከአንድ ከታወቀ መምህር ጋራ ይቈይ፤ አስቀድሞ የቀኑ ተረካቢ፥ ቀጥሎ ሁለተኛው ወላጅ፥ ከዚያም በዝርዝሩ ያለው ዘመድ ይጠራ። ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ወላጅ በቅርብ ስፍራ ሳለ ሳይጠራ የሚቀረው፥ ተራው አይደለም ተብሎ ነው። ልጅ እየመሸበት ሲሄድ ግን ተራ መቍጠር አይገባም።

ስድስተኛ፥ ከሁሉም የሚበልጠው፥ ትምህርት ቤት ዳኛ አለመሆኑን ይወቅ። ፍርድ ቤት አንደኛውን ወላጅ ወደ ልጁ እንዳይቀርብ ከልክሎ እንደ ሆነ፥ ይልቁንም ድብደባ ወይም ማስፈራራት ስለ ነበረ እንደ ሆነ፥ ያን ትእዛዝ ያለ ማመንታት ይፈጽም፤ የሸሸውንም ወገን መኖሪያና ስልክ ለሌላው አይንገር። እንዲህ ያለ ትእዛዝ በሌለበት ግን፥ አንዱ ወላጅ ስለ ሌላው የሚናገረውን ክስ ሰምቶ በሩን አይዝጋ። ማን መልካም ሰው እንደ ሆነ መመርመር የዘበኛም የዳሬክተርም ሥራ አይደለም። ልጁንም በሰው ፊት አቁሞ «ከማን ጋራ መሄድ ትወዳለህ?» ብሎ መጠየቅ ፈጽሞ አይገባም፤ ይህ ጥያቄ ትሕትና ይመስላል እንጂ ልጁን በወላጆቹ ላይ እንዲፈርድ ማድረግ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ደጁ ነው። የቀረው ስለ ወሬው ነው፤ ይኸውም የልጁ ትምህርትና ጤና ለማን ሊነገር እንደሚገባ ነው። ብዙዎች ልጁ ከእናቱ ቤት የሚኖር እንደ ሆነ አባትየው የትምህርት ቤት ክፍያ እየከፈለ የፈተና ውጤት ካርድ የማያይ፥ ልጁ ከአባቱ ቤት የሚኖር እንደ ሆነም እናትየዋ ልጅዋ መታመሙን ከጎረቤት የምትሰማ ሆነው ይኖራሉ። ይህ ሥርዓት አይደለም። ልጅ ከአንዱ ቤት ማደሩ ለሌላው ባዕድ አያደርገውም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1989 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የደነገገው፥ ኢትዮጵያም በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብት ስምምነት በ9ኛው አንቀጽ፥ ከወላጁ ተለይቶ የሚኖር ልጅ ጥቅሙን የሚጎዳ ካልሆነ በቀር ከሁለቱም ወላጆቹ ጋራ ዘወትር የመገናኘት መብት አለው ይላል። መብቱን ለልጁ እንጂ ለአባት ወይም ለእናት አለመስጠቱን አንባቢ ያስተውል።

በሌሎች አገሮች ይህን በሕግ ያጸኑ አሉ። በአሜሪካ በ1974 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በወጣው የትምህርት መዛግብት ሕግ መሠረት፥ ፍርድ ቤት ካልከለከለ በቀር ልጁ አብሮት የማይኖረው ወላጅም የልጁን የትምህርት መዝገብ የማየት መብት አለው። በእንግሊዝም በጥንቱ ሕግ መብቱ ሁሉ የአባት ነበረ፤ በ1839 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የወጣው ሕግ ነው እናት ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅዋን ለማሳደግ ለዳኛ እንድታመለክት መንገድ የከፈተላት። ዛሬ ግን በዚያ አገር ትምህርት ቤት የዳኛ ትእዛዝ ካልከለከለው በቀር ለሁለቱም ወላጆች በእኩል እንዲነግር ይታዘዛል። እኛም ከራሳችን ሕገ መንግሥት ተነሥተን ወደዚሁ ልንደርስ እንችላለን፤ የሚያስፈልገውም ብዙ ወጪ ሳይሆን ሁለት ቅጂ ወረቀት ነው። ለእናት የተላከ የስብሰባ ጥሪ ለአባትም ይላክ፤ የፈተና ካርድ ሁለት ግልባጭ ይዘጋጅ፤ ሁለቱ በአንድ ወንበር መቀመጥ የማይችሉ እንደ ሆነ መምህሩ በተለያየ ሰዓት ይቀበላቸው።

በብዙ ትምህርት ቤቶች የመገናኛ ደብተር የሚባል አለ፤ መምህር የልጁን የቀን ሥራና ጠባይ ይጽፍበታል፥ ወላጅም አንብቦ ይፈርምበታል። ይህ ደብተር ለተፋቱ ወላጆች ከሁሉ የሚሻል አማላጅ ነው፤ ከልጁ ጋራ ከቤት ወደ ቤት ይሄዳልና። ዓርብ እናት «ሳል ይዞታል፥ መድኃኒቱን ማታ ይውሰድ» ብላ ትጽፋለች፤ ሰኞ አባት «ወስዷል፥ ሳሉ ቀሏል» ብሎ ይመልሳል። ነገር ግን የጠብ ቃል አይጻፍበት፤ የቀለብ ገንዘብ ጥያቄም አይጻፍበት። ለዚያ ሌላ መንገድ አለው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ልጁን ራሱን መልእክተኛ ማድረግ ነው። «ለአባትህ ይህን በለው፥ ለእናትሽ ይህን ንገሪያት» የሚባል ልጅ የማይሸከመውን ይሸከማል፤ ቃሉን ቢያደርስ አንዱን ያስቈጣል፥ ቢያስቀር ደግሞ ውሸታም ይባላል።

በቴሌግራምና በስልክ መልእክት መላክ ዛሬ የተለመደ ነው፤ ፈጣንም ነው፤ ጥቅሙን አንክድም። ሆኖም በክልላችን በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ግጭት በተነሣ ጊዜ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበረ አንባቢዎቻችን አይረሱትም፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ተዘግተው ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የተጻፈ ደብተር፥ ከደጅ የተለጠፈ ማስታወቂያ፥ አስቀድሞ የተስማሙበት ቃል ይቀራል። ስለዚህ በደንቡ ላይ፥ ትምህርት በድንገት ተቋርጦ ስልክም ባይሠራ ልጁ ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ አንድ መስመር ይጻፍ። ያን ቀን ለመምከር ጊዜ አይገኝም።

የጣና ዳርቻ ኑሮ ደግሞ የራሱ የሆነ ችግር አለው። አንዱ ወላጅ በባሕር ዳር፥ ሌላው በዘጌ ወይም በደቅ ደሴት የሚኖር ሊሆን ይችላል። ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ በሚበረታበት ጊዜ ጀልባ እንደ ታሰበው አይደርስም። «በ11 ሰዓት ካልመጣ መብቱ ቀረ» የሚል ደንብ ለከተማ ሰው የሚገባ ቢመስል ለሐይቅ ሰው ግፍ ነው። ለእንዲህ ያለው ወላጅ በከተማ የሚኖር አንድ ዘመድ በዝርዝሩ ይግባለትና ዓርብ ማታ ልጁን ይረከብለት፤ ቅዳሜ ማለዳ ሐይቁ ጸጥ ባለ ጊዜ ልጁ ይሻገር። ሰኞ ጧት የሚመለስ ልጅ ደግሞ ማዕበል ቢያዘገየው፥ መምህሩ ምክንያቱን ሳይሰማ እንዳይቀጣው በደብተሩ ይጻፍ። የዓባይ ወንዝ በሁለት ወገን በከፈላት በዚህች ከተማ ውስጥም ቢሆን አንዱ ወላጅ ከዓባይ ወዲህ ሌላው ከዓባይ ወዲያ መኖሩ የተለመደ ነው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ድልድይ መንገዱን አቅልሏል፤ የሁለት ሰዎችን ልብ ግን ድልድይ ብቻውን አያገናኝምና ደንብ ያስፈልጋል።

ዳኞች ሲወስኑ፥ ተሟጋቾችም በስምምነት ሲጽፉ፥ አንድ ነገር እንመክራለን። ልጁ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚሸጋገርበት ስፍራ ትምህርት ቤቱ ይሁን። ዓርብ እናት ጧት ታደርሳለች፥ አባት ማታ ይረከባል፤ ሰኞ አባት ጧት ያደርሳል፥ እናት ማታ ትረከባለች። እንዲህ የሆነ እንደ ሆነ ሁለቱ በአንድ ሰዓት በአንድ ደጅ አይገናኙም፤ ልጁም ከአንዱ እጅ ተነጥቆ ለሌላው የተሰጠ አይመስለውም፥ ከትምህርቱ ወጥቶ ወደ ቤቱ የሄደ ይመስለዋል እንጂ። በክረምትና በበዓል ትምህርት ሲዘጋ ግን ይህ ስለማይሆን፥ ለገና፥ ለጥምቀትና ለፋሲካ ልጁ ከማን ዘንድ እንደሚውል ከበዓሉ በፊት ሳይሆን ከዓመቱ በፊት ይጻፍ።

አሁን ደግሞ ሹመትና ማዕርግ ወዳላቸው አንባቢዎቻችን ንግግራችንን በአክብሮት እንመልሳለን። ሥራ የበዛበት ባለ ሥልጣን ሹፌሩን ልኮ ልጁን ማስመጣቱ የታወቀ ነው። ሹፌሩ ስሙ በዝርዝሩ ካለ መልካም ነው። ከሌለ ግን ዘበኛው «አልሰጥም» ባለ ጊዜ ሊገሠጽ ሳይሆን ሊመሰገን ይገባዋል። በአነስተኛ ደመወዝ የሚያድር ሰው በትልቅ ሰው ቍጣ ፊት ደንቡን አጽንቶ መቆሙ ለዚያው ለትልቁ ሰው ልጅ መዳኛ ነው፤ ዛሬ ለእርስዎ ቍጣ የተከፈተ በር ነገ ለሌላ ሰው ቍጣ ይከፈታልና። በፍቺ የተለየች እናት ድኻ፥ አባት ባለጸጋ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ወደ ከፋዩ እንዳያዘነብል መጠንቀቅ ይገባል። ገንዘብ የከፈለ ሰው ትምህርት ገዝቷል፤ ልጁን ግን አልገዛም።

ለእናቶችና ለአባቶችም አንዲት ቃል አለችን። በንጉሥ ሰሎሞን ፊት ስለ አንድ ሕፃን የተካሰሱትን ሁለት ሴቶች የማያውቅ የለም። ሰይፍ በተመዘዘ ጊዜ እውነተኛይቱ እናት የታወቀችው አጥብቃ በመያዝ ሳይሆን ልጁ በሕይወት ይኑር ብላ እጅዋን በመልቀቅ ነበር። ዛሬ በእኛ ዘመን ከሳሾቹ ሁለቱም እውነተኞች ናቸው፤ ሰይፉም የሚታይ አይደለም፤ በሰው ፊት የሚሰማ ስድብ፥ በበር ሽንቁር የሚታይ ጠብ፥ በልጅ ጆሮ የሚነገር ሐሜት ነው። የሚቈርጠው ግን ያንኑ ሕፃን ነው። ስለዚህ ተራው የሌላው በሆነበት ቀን ደስ ባይልዎትም «ደኅና ዋል፥ ከአባትህ ጋራ ደስ ይበልህ» ወይም «ደኅና ዋይ፥ እናትሽን ሰላም በያት» ብሎ ማሰናበት የተሸናፊ ቃል አይደለም፤ የአሳዳጊ ቃል ነው።

የትምህርት ቤት ዳሬክተሮችም፥ የወላጅና የመምህራን ኅብረት አባሎችም፥ አዲሱ የትምህርት ዘመን በመስከረም ከመግባቱ በፊት ተሰብስበው ይህን ደንብ በአንድ ገጽ ጽፈው በበሩ አጠገብ ቢለጥፉት፥ ለእያንዳንዱም ወላጅ አስፈርመው አንድ ቅጂ ቢሰጡት፥ አንዲት ቀን የማይፈጅ ሥራ ነው። ፍርድ ቤቶችም የልጅ ጉዳይ በወሰኑ ቍጥር ለትምህርት ቤት የሚሆን አንድ ግልባጭ አብረው እንዲሰጡ ቢያዝዙ፥ መዝገብ ቤቱ የሚጨምረው አንድ ማኅተም ብቻ ነው። የተፋቱ ሰዎችን ማስታረቅ ባይቻል፥ ልጃቸውን ደወሉ ሲደወል ወደ ማን እንደሚሄድ አውቆ ቦርሳውን ያለ ፍርሃት እንዲያነሣ ማድረግ ግን ይቻላል። ከትልቆች የሚፈለገው ይህ ብቻ ነውና፥ ይህንንም አንነፍገው።